ከሰው በፊት የሚወርድ መብራት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ አክስቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ወገብሽስ እንዴት ነው? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም፣ ተመስገን ነው። ጉልቤ ይህን ጮክ ብሎ እያነበበልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ ወንድሜ፣ እንደ ባለፈው መስመር እየዘለልክ እንዳታነብ፣ ነግሬሃለሁ!

እትዬ፣ ጉድ ልንገርሽ። ሙዚየማችን አዲስ ትርዒት ሊከፍት ነው። የጥንት ሰዎች ምግባቸው እንዳይበላሽ ምን ያደርጉ እንደነበር የሚያሳይ። እኔ የተሰበረ ሸክላ እየጠገንኩ በሰላም የምኖር ሰው፣ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው ሁሉ እጅ በአፍ የሚያስጭን ሆነብኝ። ማክሰኞ አንድ ጥቁር ጓል አመጡልኝ። ድንጋይ መስሎኝ በብሩሽ ልጠርገው ስል ኃላፊዬ «ቀስ! ቅቤ ነው» ብላ ጮኸች። ምን? «ቅቤ። ረግረግ ውስጥ ቀብረውት ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የወጣ።» እጄን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰብኩ። እኛ ሳምንት ሲቆይ አፍንጫችንን የምንይዘውን ቅቤ!

ያ ብቻ መሰለሽ? ሥጋውን አብስለው በገዛ ስቡ ይደፍኑታል። ዓሣውን ጨው ውስጥ ይቀብሩታል። የክረምቱን በረዶ ገለባ አልብሰው ጉድጓድ ውስጥ እስከ በጋ ያቆዩታል። እኔ ማቀዝቀዣዬ ለአንድ ቀን ሲበላሽ ያዙኝ ልቀቁኝ እላለሁ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የእህል ጉድጓዱ ነው። ሆዱን ሰፊ፣ አንገቱን ጠባብ አድርገው ይቆፍሩና ስንዴ ይሞሉታል። ከዚያ አፉን በድንጋይና በጭቃ ይመርጉታል። ለዓመታት ነቀዝ የሚባል አይደርስበትም! ይህን ስሰማ የኋላ ክፍላችን ትዝ አለኝ፣ ጉልቤ የብስክሌት ጎማ የሚከምርበት። ወለሉ ላይ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ አይደል? ልጅ ሆኜ «እሱ ላይ አትቁሚ!» እያልሽ የምትቆጪኝ። እሱ የእህል ጉድጓድ አይደለም እንዴ? ለኃላፊዬ ስነግራት ከወንበሯ ተነሳች። ከውስጡ አንድ እፍኝ አሮጌ ስንዴ ብትልኩልኝ ከጥንቱ ጎን እናሳየዋለን አለች። ደግሞ ከጥንቱ ጉድጓድ አጠገብ አንዲት ትንሽ የሸክላ ኩራዝ ተገኝታለች፤ ጆሮዋን ገመድ በልቶታል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ምናልባት አንቺ ታውቂ ይሆናል።

ሌላው፣ ያ ሐኪም አሁንም የአባዬን ልብ አልተወም። አባዬ በሠላሳ ዓመቱ ልቡ ቆሞ ከሞተ በየዓመቱ መመርመሬ አይበቃም ይላል። በደም ሥሬ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ልቤን ሊያይ ይፈልጋል። «አባትሽ ልቡ ሲቆም ምን እያደረገ ነበር?» ብሎ ይጠይቀኛል። የአራት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች? ተኝቶ ነው? ቆሞ ነው? እባክሽ ጻፊልኝ፤ ቱቦውን ፈርቻለሁ።

ልጅሽ ሚጣ

⁂

ጥቅምት 29

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለወንድሜ ልጅ ለሚጣዬ፤

ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን። (የምጽፈው እኔ ጉልቤ ነኝ፤ እትዬ ትናገራለች፣ በቅንፍ ያለው የኔ ነው።)

ሰው እንዴት የሁለት ሺህ ዓመት ቅቤ በእጁ ይነካል? እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። (ሦስት ጊዜ ጻፈው ብላኛለች፤ አንዴ ይበቃል።) ደግሞ ለሥራ ነው ብለሽ እንዳትቀምሺ፤ አንቺን አውቅሻለሁ፣ ልጅ ሆነሽ የግድግዳ ኖራ ትልሺ ነበር።

ያልሽው ጉድጓድ ባዶ ነው። ምንም የለበትም፣ ተይው። («ጎረቤቶች እኮ ስንዴ አለበት ይላሉ» አልኳት። «አንተ አፍህን ዝጋና ጻፍ» አለችኝ።) ኩራዝ ደግሞ ለጨለማ ነው፤ ይኼም ይጠየቃል? የተማሩ ሰዎች ሥራ ፈተዋል ማለት ነው።

የአባትሽ ነገር ልቡ ነው። ልቡ ነው ተብሏል፣ ሌላ ምን ይጨመርበታል። (እዚህ ላይ ጨርቅ ሳይኖርበት የስፌት መኪናዋን ትረግጥ ጀመር።) ሐኪሙን ቱቦውን ለራሱ ያስገባው በይልኝ።

ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ባለፈው የላክሽው ገና አላለቀም። ከቻልሽ መነጽር ላኪልኝ፣ የቅርብ ማያ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኛል። (እኔ ነኝ የማስገባላት፣ ያውም በነጻ!)

አክስትሽ

(እህቴ፣ እትዬ ደንበኛ ልትለካ ወጣች፤ አሁን የራሴን ልጻፍ። ባዶ ነው ማለቷን አትስሚ። በድንጋዩ ስንጥቅ ብረት ሰድጄ ሞከርኩት፣ ስንዴ አለበት። በሚቀጥለው ወር ጨርቅ ልትገዛ ስትሄድ እከፍተውና ስንዴሽን እልክልሻለሁ፤ ለእሷም ድንገተኛ ደስታ ይሆናታል። ስለ ልብ ካነሳሽ የኔን እዪልኝ! ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፣ ዳገት ስወጣ ግን እትዬ ከበረንዳ «ውረድና ግፋ! የአባትህን ልብ ረሳህ?» ብላ ሰፈሩን ታናውጠዋለች። ኳስ እንኳ ተጫውቼ አላውቅም። በረኛ ልሁን ብያት እምቢ ብላኛለች።)

⁂

ኅዳር 20

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። መነጽሩን ወደዚያ የሚመጣ የሥራ ባልደረባዬ ይዞልሻል። ክሩን ራስሽ አስገቢና ጉልቤን ከሥራ አባሪው!

ስለ አባዬ ያልሽው አንድ መስመር ብቻ ነው። ምን ሆነሻል? አንቺ እኮ ስለ ጎረቤት ድመት ሁለት ገጽ የምታስጽፊ ሰው ነሽ። ሐኪሙ ለየካቲት 3 ቀጠሮ ይዞልኛል። ቢያንስ ቆሞ እንደነበር ወይም ተኝቶ እንደነበር ንገሪኝ።

ሚጣ

(በተለየ ወረቀት፣ ታጥፎ)

ለጉልቤ ብቻ፤ ጮክ ብለህ እንዳታነብ! ጎበዝ የኔ ወንድም። ኃላፊዬ ከላይ ያለው ስንዴ እርጥበት ነክቶት ይሆናል አለች። ስለዚህ ጎድጎድ አድርገህ ውረድና ከሥር ዝገንልኝ። ጥልቀቱንም ለካልኝ።

⁂

ታኅሣሥ 6፣ ቴሌግራም

ጉድጓዱን እንዳትከፍቱ። ማንም እንዳይገባ። ገዳይ ነው። ፈጥናችሁ መልሱ። ሚጣ

⁂

ታኅሣሥ 6

እትዬ፣ ጉልቤ፤

ሰላምታ ይቅርብኝ። ቴሌግራሙ ቀድሞ ይደርሳችሁ ይሆናል ብዬ እጸልያለሁ። ስልክ ለመደወል ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ የእናንተ መስመር ተበጥሷል አሉኝ።

ዛሬ የጉድጓዱን አምሳያ የሚሠራልን የአፈር ባለሙያ መጣ። ቀስ ብሎ የሚያወራ ሽማግሌ ነው። «ነቀዙን ምን ይገድለዋል?» አልኩት። «አየሩ» አለኝ። ስንዴው ታፍኖ ሲቀመጥ እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ጥሩውን አየር ይጨርሰዋል፣ በቦታው የሚሞላው መጥፎ አየር ነው። ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ነቀዙ ይሞታል። እኔ ሞኟ እየሳቅኩ «ሰውስ?» አልኩት። «ሰውማ ሁለቴ ከተነፈሰ ሦስተኛውን አይደግመውም» አለና ሻዩን ጠጣ።

ሻዩን ጠጣ፣ እትዬ! የያዝኩት የጋን አንገት ወድቆ አምስት ቦታ ሆነ። ለካ ያ ስንዴ ለዓመታት የሚቆየው በሞት ተጠብቆ ነው። ጉልቤን ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። ከሥር ዝገን ያልኩት እኔ፣ በገዛ እጄ ጽፌ። እባካችሁ፣ አንድ ቃል ብቻ ላኩልኝ።

ሚጣ

⁂

ጥር 2

እትዬ፤

ምነው ዝም አላችሁ? ፖስታ ቤት በየቀኑ ስለምሄድ የመስኮቱ ሠራተኛ ከሩቅ ሲያየኝ ጭንቅላቱን መነቅነቅ ለምዷል። የሆነ ነገር ካለም ንገሩኝ። ከዚህ ዝምታ የሚብስ የለም።

ሚጣ

⁂

ጥር 8

ሚጣዬ፤

ጉልቤ ደህና ነው። ይኸው መጀመሪያ ጻፍኩልሽ፣ አሁን ተንፍሺ።

ጽሑፌ እንደ ዶሮ ጭረት ነው፣ ታገሺኝ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ በላክሽልኝ መነጽር። መነጽሩን የጠየቅኩሽ ለመርፌ አልነበረም። ሐኪሙ ያለውን ከጻፍሽልኝ ጀምሮ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፣ ግን በጉልቤ እጅ እንዴት ላስጽፈው? ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፤ ስድስት ወረቀት ቀደድኩ።

መጀመሪያ የጉልቤን ልንገርሽ። ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ ግማሽ መንገድ ስደርስ የመለኪያዬን ሜትር መርሳቴ ታወሰኝ። ተመለስኩ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። የኋላው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ስገባ ድንጋዩ ተነስቷል፣ ገመዱ ምሰሶው ላይ ታስሯል፣ ያ ጅል ወንድምሽ ኩባያ በጥርሱ ነክሶ አንድ እግሩን ከትቷል። ፈገግ አለብኝ! ምን እንዳልኩ አላውቅም። ጎረቤቶች ጩኸቴን እስከ ወፍጮ ቤቱ ሰምተነዋል ብለዋል። በኮሌታው ጎትቼ አወጣሁትና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩበት። እውነቴን ነው፣ ዘፍ አልኩበት። ክብደቴን ሲቀልድበት የኖረ ሁሉ አሁን ይቀልድ።

«እትዬ ምን ነካሽ? ከወጣሽ ጀምሮ እኮ ተናፍሷል» ይለኛል። «ኩራዝ አምጣ» አልኩት። አመጣ። በገመድ አስሬ አወረድኩት። አንድ ክንድ ሳይወርድ እፍ እንዳሉት ድርግም አለ። ንፋስ ነው አለ። ለኮስን፣ አወረድን፣ ድርግም። ሦስተኛው ላይ የጉልቤ ፊት ወረቀት መሰለ። የአንቺ ቴሌግራም የደረሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። መልሱን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ጉልቤን ከለከልኩትና መነጽሩ እስኪደርስ ጠበቅኩ። «እንዴት አወቅሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም። ከእሱ በፊት ለአንቺ መናገር ነበረብኝ፤ አባትሽን አባዬ ብለሽ የጠራሽው አንቺ ነሽ።

አባትሽ ልቡን አልታመመም። ሚጣዬ፣ አባትሽ የሞተው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

በቤታችን ወግ ነበር። ጉድጓዱ ሲከፈት ያድራል። በማግስቱ ሰው ሳይወርድ ኩራዝ ይወርዳል፤ መብራቱ ከጠፋ ሰው አይገባም። የጥንቶቹ ሰዎችሽ ኩራዝም ለዚህ ነው፤ ጆሮዋን ገመድ የበላው ለዚህ ነው። ያን ዓመት እህል ጠፍቶ ሰው ደጃችን ላይ ከረጢት ይዞ ቆሟል። አባቴ፣ አያትሽ ማለት ነው፣ ማደሩን ትተው ጠዋት አስከፍተው ከሰዓት ውረዱ አሉ። የቀረው ኩራዙ ብቻ ነበር። ኩራዙ የኔ ሥራ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነው።

አወረድኩት፣ ጠፋ። እኔ ግን ጠዋት ላምባ ልሞላ ተልኬ ገመድ ዝላይ ይዞኝ ረስቼዋለሁ። ላምባው አልቆ የጠፋ መሰለኝ። ወንድሜ ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ እጅጌውን እየጠቀለለ ነበር። ቶሎ ብዬ ሳብኩት፣ ለኮስኩት፣ የጉድጓዱ አንገት ጋ ብቻ ያዝኩት። «ይበራል?» አለኝ። «ይበራል» አልኩት።

ወረደ። «አምጪ ቅርጫቱን» አለኝ። ቅርጫቱን ሳወርድ መልስ የለም።

በገመድና በመንጠቆ አወጡት። አያትሽ እዚያው ድንጋዩን መልሰው መረጉት፤ ስንዴው ከነሞቱ ተቀበረ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጉልቤን አርግዛ ነበር። የዚህን ቤት እህል ልትበላ ነውና ቤቱን እንዳትጠላው ልቡ ነው አሏት። አያትሽ ያፈሩት ማደሩን በመተዋቸው ነው። ስለ ኩራዙ የጠየቀኝ ማንም የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን «ላምባ ነበረው?» ቢለኝ ኖሮ እናገር ነበር እላለሁ። አላውቅም፣ ምናልባትም አልናገርም ነበር።

ከዚያ በኋላ «ልቡ ነው» የምትለዋ ውሸት ቤት ሠራች። ጉልቤን ኳስ ከለከልኩት፤ እውነት እንዲመስልልኝ ነው ወይስ እኔው አምኜው ነው፣ እሱንም አላውቅም። አንቺ ግን በደም ሥርሽ ቱቦ ሊያስገቡ ነው ስትይኝ፣ ሌላ ሰው በኔ ቃል ሲወርድ አየሁ። ቱቦውን እንዳታስደርጊ። አባትሽ ጤነኛ ነበር፤ ኩንታል ተሸክሞ ያፏጭ ነበር።

እንግዲህ ነገርኩሽ። ይቅር በይኝ አልልሽም።

አክስትሽ

⁂

የካቲት 1

እትዬ፤

ደብዳቤሽ ጥር 19 ደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። አንዲት የማላውቃት ሴት ውሃ ገዝታ ሰጠችኝ። ጉልቤ በሕይወት አለ ብዬ ልስቅ ስል አባዬ ሞተብኝ፤ እኔ እኮ ለአባዬ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም።

አልዋሽሽም፣ ጠላሁሽ። አንድ ሙሉ ሳምንት ጠላሁሽ። ፀጉሬን የጎነጎንሽው፣ ዩኒፎርሜን የሰፋሽው፣ «የአባትሽ ልብ» እያልሽ በሩጫ ቀን ከሜዳ ያስወጣሽኝ አንቺ ነሽ። በልቤ ብዙ መጥፎ ነገር ጻፍኩልሽ፣ አንዱንም ግን ወረቀት ላይ አላሳረፍኩትም።

ለሐኪሙ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መልሶ አነሳውና ቱቦውን ሰረዘው። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ «ይህ ልብ ምንም የለበትም፣ ሂጂ ወዲያ» አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት እንደ እንቁላል ይዤው የኖርኩት ልብ! ደረጃውን በሩጫ ወረድኩት፤ ከአራተኛ ፎቅ።

ላምባው ሞልቶ ቢሆንም ኩራዙ ይጠፋ ነበር፣ እትዬ። ያ ጥፋት ያንቺ አልነበረም። «ይበራል» ያልሽው ግን ያንቺ ነው፤ እሱን ላነሳልሽ አልችልም። ግን እኔም ጽፌያለሁ፣ ከሥር ዝገንልኝ ብዬ። አንቺ አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ሠላሳ አምስት ሆኜ ነው። እኔ የላክሁትን ወንድሜን ቁጭ ብለሽ ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ከዚህ በላይ እንዴት እንደማስበው ገና አላውቅም።

ትርዒቱ ተከፍቷል። የኩራዟ መግለጫ ካርድ ላይ «ለብርሃን» ተብሎ ነበር። ኃላፊዬን ለምኜ አስቀየርኩት። አሁን «ከሰው በፊት የሚወርድ መብራት» ይላል። አንድ ጎብኚ አንብቦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አይቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ በመነጽርሽ አንብቢው። ከዚያ ለጉልቤ ንገሪው። በወረቀት አይደለም፣ ፊት ለፊት።

ሚጣ

⁂

መጋቢት 2

ይድረስ ለሚጣዬ፤

ጤናሽን እንደ ብረት ያድርግልሽ። (ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ መነጽሯ ዓይኔን አደከመኝ ብላለች። ውሸቷን ነው፣ ከኔ ጋር መጻፍ ስለናፈቃት ነው።)

ነገርኩት። የእራት ሳህን በእጁ እንደያዘ ነው የነገርኩት። (ሳህኑ የለም አሁን።) ሁለት ቀን አላናገረኝም። መርፌ ላይ ክር አላስገባልኝም። በሦስተኛው ቀን ባለ ወፍጮው ሁለት ጋሪ አፈርና ድንጋይ ይዞ መጣ፤ ጉልቤ ነው የላከው። ጉድጓዱን ከነስንዴው ደፈንነው። ለሙዚየሙ እፍኝ ስንዴ አልተረፈም፣ ኃላፊሽ አትቀየም።

ሌላ የምለው የለኝም። አንተ የቀረውን ጻፍ። የማልሰማው ነገር ካለ ወጣ ልበል?

(አይ፣ ተቀመጪ አልኳት።

እህቴ፣ ሁለት ቀን የት እንደነበርኩ ልንገርሽ። ኳስ ሜዳው አጠገብ ቆሜ ነበር። ሜዳው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ እንኳ አላውቅም፤ በሩን የፈለግኩ ሞኝ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ገባሁ። ኳስ አልነካሁም፣ ዝም ብዬ ሮጥኩ። ሰባት ዙር። እትዬ ሳላያት ተከትላኝ መጥታ ዳር ላይ ተቀምጣ ዙሩን ትቆጥራለች፤ እኔ እሷን አላናግርም፣ እሷ ግን «አራት!» ትላለች።

ስጨርስ ሣሩ ላይ ወደቅኩ። ጩኸቷን ብትሰሚ! እየተንደረደረች መጥታ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች። ብዙ ቆየች። «እትዬ ከበድሽኝ» አልኳት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ያወጣሁት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ዝም በል» አለችኝ። «ይመታል።»)